ኅዳግ

አራት ኪሎ፣ ከባንኩ ግንብ ጥግ፣ ላስቲኬን ዘርግቼ
ጋዜጣ አከራያለሁ፣ ጠርዙን በጠጠር አስተኝቼ፤
ነፋስ እንዳይወስደው የሰው ልጅ ሐሳብ፣
መግዣ ላጣ አንባቢ፣ በሰዓት ሒሳብ።

ሁለት ደንብ አለኝ።
አንዱ፦ ሳምቡሳ እየበሉ ማንበብ የለም፤ ዘይት አይወድም ወረቀት።
ሁለተኛው፦ መጻፍ የለም፤ እስክሪብቶ በየኪሱ ይክረምበት።
ሳምንቱ ሲያልቅ አከፋፋዩ ያልተሸጠውን ሲቆጥር
የተጻፈበትን አይወስድም፤ ከኔ ነው የሚቀነስ ብር።

ይህንን ሁለተኛውን ሁለት ሽማግሌ አፈረሱት።

ጋሽ ይርዳው በጠዋት ይመጣል፣ ባርኔጣው ጆሮው ላይ ወርዶ፤
ጋሽ በሻህ ከቀትር በኋላ፣ ከዘራውን ቀድሞ ሰዶ።
ሰላም አይባባሉም። እዚህ ስቀመጥ አሥራ ስምንት ዓመት
አንዱ የሌላውን ስም ሲጠራ አልሰማሁም አንድም ዕለት።
ሰፈር ሲያወራ እንደሰማሁት፣ በዚያ በወረቀት ዘመን፣
ሌሊት ወረቀት ሲበተን፣ ጠዋት አስከሬን ሲከደን፣
አንዱ ከዚህ ወገን ነበር፣ አንዱ ደግሞ ከዚያ ወገን።

የሚከራዩት ግን ያችኑ አንዷን ቅጂ ነው።
ይርዳው በደቃቅ ፊደል ኅዳጉ ላይ፦ «ጸሐፊው ገበሬ አይቶ ያውቃል?»
በሻህ ከሰዓት መጥቶ ከሥሩ፦ «አንተስ?» ይላል።
በማግስቱ፦ «የገበሬ ልጅ ነኝ።»
«እኔም። ታዲያ ማን ተጠቀመ?»
ቅዳሜ ሲደርስ ነጩ ያልቃል፤
ጋዜጣዬ ጢም አብቅሎ ይመለሳል።
መጀመሪያ ተቆጣሁ። ኋላ ግን፣ አልዋሽም፣
ዋናውን ትቼ ጠርዙን ሳላነብ አላመሽም።

ሰኔ ላይ ሲፈን መጣች፣ ከዩኒቨርሲቲው በር
ዝናብ ስትሸሽ ሮጣ ገባች ከጃንጥላዬ ሥር።
ይርዳውንም ያን ቀን ዝናቡ አስቀርቶት፣ በሻህም ደርሶ
ጀርባና ጀርባ ቆመዋል፣ የሁለቱም ትከሻ ርሶ።

ስልኳ ይንጫጫል፤ ዓይኗ ኅዳጉ ላይ ወደቀ።
አነበበች። ሳቀች። ደግማ አነበበች፤ ሳቋ አለቀ።

«እንዴት እስከ ዛሬ አንዳችሁ አንዳችሁን ሳታስወጡ?
እኛ ቴሌግራም ላይ ሦስት መቶ ነበርን፣ ስለ አገር እናውራ ብለን።
አንዱ ሲቃወመን አስወጣነው፤ ሌላውንም «ለምን ወጣ?» ሲለን።
አሁን አሥራ አንድ ነን።
አሥራ አንዳችንም ልክ ነን።»

በሻህ ዞረ። «በምንድን ነው የምታስወጡት?»
«በጣት። ስሙን ተጭኖ መያዝ፣ ከዚያ መንካት።»
«ድምፅ የለውም?»
«የለውም።»

ሽማግሌው የቀኝ እጁን ሌባ ጣት አየ፣
የሰው ዕቃ ይመስል፣ አራቅ አድርጎ።
«የኛም በጣት ነበር» አለ።
«ድምፅ ነበረው።»

ይርዳው ባርኔጣውን አወለቀ።
ወደ በሻህ አልዞረም። ዝናቡን አየ።

ሲፈን እስክሪብቶ ለመነችኝ። ደንቤን ልነግራት አፌን ከፍቼ
ሰጠኋት።
ከሁለቱ ሙግት መሀል፣ በጠበበችው ስንጥቅ
«ሃሳቤን ልጨምር፤ ገበሬዋስ?» ብላ ጻፈች፣ እጇ ሲንቀጠቀጥ።
በሻህ መነጽሩን ሰቅሎ «ሐመሩ ሐ ነው» አለና
ፊደሏን አረመ፤
ጥያቄዋን ግን ሳይነካ፣ ብዙ ቆመ።

ሲያባራ ተለያዩ፤ አንዱ ወደ ስድስት ኪሎ፣ አንዱ ወደ ፒያሳ፣
እንደ ወትሮው ሳይሰነባበቱ።
ብቻ ይርዳው ከመታጠፉ በፊት ቆም ብሎ፦
«ያ መጀመሪያ ያስወጣችሁት ልጅ፣
ሲደውሉለት ያነሳል?»
«ያነሳል» አለች።
«ዕድለኞች ናችሁ» ብሏት ሄደ።

እኔ የሰው ሐሳብ ሳከራይ የራሴን መሥመር ጽፌ አላውቅም።
ከታች፣ ከዋጋው አጠገብ፣ አውራ ጣት የምታህል ነጭ ቀርታለች።
እስክሪብቶው እጄ ላይ ነው፤ ልጅቷ ረስታው ሄዳለች።